ዲስክ ቁጥር ዐሥራ አራት

መስከረም 18

ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከጀርባዬ በቀር ደህና ነኝ። የሰው ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ጀርባው ቀጥ ብሎ አይቀርም መቼም። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቁጣሽንም አይቀንስብኝ፤ ቁጣሽ የቀነሰ ዕለት ነው የምሰጋው።

የላክሽው ዲስክ ቁጥር ሦስት ደርሶኛል። በፎጣ፣ በፕላስቲክ፣ በካርቶን፣ ከዚያ እንደገና በፎጣ ጠቅልለሽው ኖሮ ስፈታው ግማሽ ቀን ሄደ። ዕድሜ ለአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ እኔም እዚህ የሽማግሌውን መንትያ አግኝቻለሁ። ልክ እንዳንቺው ኪቦርዱና ሆዱ አንድ ላይ የተሠራ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ሲሞቅ አቧራ አቧራ የሚሸት የቤት ኮምፒውተር ነው። ግን ዲስክሽን ባጎርሰው ባጎርሰው «ባዶ ነው» ይለኛል። መንገድ ላይ ተበላሽቶ ይሆናል። እባክሽ ሌላ እንዳትልኪ።

ይልቅ አንድ ነገር እየሠራሁልሽ ነው። የመዳፍ ግማሽ የምታክል ቦርድ ናት። ከሽማግሌው ጀርባ ትሰካለች፤ በላይዋ ደግሞ ስልክ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ሚሞሪ ካርድ ትጎርሳለች። አዋላጅ ሆነሽ የመዘገብሻቸው ልጆች ሁሉ፣ ሠላሳ አንዱም ዲስክ፣ ጥፍር በሚያህል ነገር ጥግ ላይ ይገባሉ። ያስቸገረኝ ማስተዋወቁ ነው። ሽማግሌው ሲሠራ እንዲህ ያለ ካርድ አልነበረም፤ ካርዱም እንዲህ ያለ ሽማግሌ አይቶ አያውቅም። መሀላቸው ገብቶ የሚያስተረጉም ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም መጻፍ አለብኝ፤ ያውም በሽማግሌው ሆድ ውስጥ በተረፈችው ጠባብ ቦታ ተሸጉጦ የሚኖር። ካርዱ ችኩል ነው፤ ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይሰማ እሱ ገጽ ሙሉ ተናግሮ ይጨርሳል። ክረምቱን ሙሉ «ቀስ በል» ሳስተምረው ከረምኩ።

እንዲህ ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮችን የሚያፈቅሩ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ለአርባ ያህሉ ከዚህ ቀደም ሌላ ሌላ ቦርድ ሠርቼ ልኬላቸዋለሁ። «ሠርቷል፣ አመሰግናለሁ» ብለው ይጽፉልኛል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ከሠራላቸው ምን ብለው ይጻፉ? ደጋግመው የሚጽፉልኝ ያልሠራላቸው ናቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንዴ ባይሠራላቸው እላለሁ።

ቦርዷ ስትደርስሽ ከሁሉ አስቀድመሽ ቁጥር ዐሥራ አራትን ገልብጪልኝ። ለሙከራ ነው።

ሁሌም የሚያስብሽ ታናሽሽ


ጥቅምት 9

ለወንድሜ ለብሎን፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ጉልበቴ «ቁጭ በይ» ይለኛል፣ ቤቱ «ተነሺ» ይለኛል፤ ከሁለቱ ጋር ስጨቃጨቅ ይመሻል። ተከራዮቹ ከወጡ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ቴሌቪዥን የምከፍተው ሰው ሲያወራ ለመስማት ነው እንጂ የሚሉትን አልከታተልም። ብሎን ስልህ እንዳትቆጣ፤ በአምስት ዓመትህ የአባባን ሬዲዮ ፈታትተህ ብሎኑን የዋጥከው አንተ ነህ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ በሬን አንኳኳ። «እርስዎ ነዎት ያዋለዱኝ አሉ። የተወለድኩበት ቀን ለወረቀት ጉዳይ አስፈልጎኝ ነበር» አለኝ። የጤና ጣቢያውን መዝገብ ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ የቀረው የኔ ዲስክ ብቻ መሆኑን አገር ምድሩ አውቋል። ሽማግሌውን አስነሥቼ ፈለግሁለት። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ያ ግንድ የሚያህል ሰው ሳሎኔ መሀል ቆሞ አለቀሰ። ግን ዲስክ ማንበቢያው እንዳልተቀባ በር ሲጥ ሲጥ ማለት ጀምሯል፤ ቶሎ ድረስ።

አሁን ወደ ነገሩ እንምጣ። ቁጥር ዐሥራ አራት «ለሙከራ» ነው አልከኝ። እኔን? ኧረ ተው አንተ ልጅ! እዚያ ዲስክ ላይ ማን እንዳለ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ሚስትህ ልብስ ሰፊዋ አለች፤ ልጅህ አለ ወይም አለች። ለሥራ ከሄድክበት ስትመለስ ሁለቱም ተቀብረው ነበር። በሩ ላይ ክንዴን ይዘህ፣ የዚያን ቀን ነገር አንዲት ቃል እንዳልተነፍስልህ አስማልከኝ። «ወንድሜ ይሙት» ብዬ ማልኩልህ። ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። ወንድሜ ይሙት ብዬ የማልኩትን አላፈርስም፤ ለዚህ ነው በስልክም «ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» ብለን የምንዘጋው። ዲስኩ ግን አልማለም። ገልብጬ እልክልሃለሁ፤ አንብበው።

ግን የጻፍኩትን እኔ አስታውሳለሁ። ካነበብከው በኋላ እህቴ ትለኝ እንደሆነ አላውቅም።

ክፉ አይንካህ።

እህትህ


ጥቅምት 30

ለእትዬ፣

ያንቺ ጤና የኔ ጤና ነው፤ እንደምን አለሽልኝ?

ካንቺ መደበቅ በልጅነቴም አልሆነልኝ፤ በስተርጅና ምን አስጀመረኝ? አዎ፣ ለሙከራ አይደለም። እትዬ፣ ልጄ ወንድ ትሁን ሴት አላውቅም። ያኔ ብሰማ የማብድ መስሎኝ አፍሽን ዘጋሁት። ከዚያ መጠየቅ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ዓመቱ በዛ። ስንት ሰው ስለ ልጁ ሲያወራ እኔ «ልጄ» ብዬ በልቤ እንኳ ማሰብ የማልችለው ለዚህ ነው፤ ማንን ብዬ ላስብ?

አሁን ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በሰኔ አንዲት ወጣት ሊፍት ውስጥ ቀረችብኝ። በሩን እስክፈለቅቅ ድረስ እንዳትፈራ በስንጥቁ አወራታለሁ። ዕድሜዋን ብጠይቃት «ሃያ ሰባት» አለችኝ። በሩ ሲከፈት አመስግናኝ ሄደች። እኔ መሣሪያዬን እዚያው ወለሉ ላይ ትቼ ቤቴ ገባሁ፤ ኮቴን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ፣ ስነሳ ዋልኩ። የምኖረው አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ መበየጃዬ፣ መስኮቱ። የሚያስቆመኝ ሰው አልነበረም። በማግስቱ የቦርዱን ንድፍ ጀመርኩ።

መሐላሽን አታፍርሺ። አንቺም አትንገሪኝ። ብቻዬን ሆኜ ከማሽኑ ላነበው እፈልጋለሁ፤ ማሽን ፊት ቢለቀስም አያሳፍርም። ቦርዷን ዛሬ በፖስታ ልኬያታለሁ። ሽማግሌው ሳይጠፋ እንዳትሰኪያት፤ ሌላ ማስጠንቀቂያ የለኝም።

«እህቴ ትለኝ እንደሆነ» ያልሽው ግን አልገባኝም። ምን ለማለት ነው?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ለውድ ወንድሜ፣

እጅህ ይባረክ፣ ቦርዷ በሰላም ገባች። ከጀርባው ሰክቼ ስከፍተው ቴሌቪዥኑ ላይ በገዛ ፊደላችን «እንኳን ደህና መጣሽ እትዬ» የሚል ወጣ። ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ! እነዚያን ፊደሎች በባለ ሳጥን ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ስንስል «ቀ» አንገቷ ጠሞ የተጣላነው ትዝ ይልሃል? ዛሬም እንደ ጠመመች ናት።

እንግዲህ ደስታው እዚህ ላይ ያበቃል። አንተ የምትልከው እስኪደርስ ማንበቢያው ሲጥ ሲጥታውን አበዛብኝ። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረግ፣ እኔም ላዘጋጀው ብዬ ቴሌቪዥን ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። ሁለቱንም ልጆቹን ያዋለድኩለት ሰው ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። ጠረገው፣ ዘይት ቀባው። «እትዬ፣ የሚያነብበት ጭንቅላቱ ጠሞ ነበር፤ በመለኪያ አስተካክዬዋለሁ። እንደ አዲስ ሆኗል» አለኝ። እውነትም ድምፁ ጠፋ። መርቄው ወጣሁ።

ቁጥር ዐሥራ አራትን አጎረስኩት። «ባዶ ነው።» ክው አልኩ። ሌላውን ሞከርኩ። ባዶ ነው። ሁሉንም ሞከርኩ፣ ሠላሳውንም። አራት ሺህ ልጅ ባዶ ነው ይለኛል! ቀልቤ ተገፍፎ ቁጭ አልኩ። ምን አድርጌ ነው? ንገረኝ።

እህትህ


ጥር 2

ለእትዬ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከሃያ ሰባት ዓመት በላይ ያልተነካ ማንበቢያ ነው። «ካነበብከው በኋላ እህቴ ትለኝ እንደሆነ አላውቅም» ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ ምን ለማለት ነው ብዬ ጠየቅሁሽ፤ አልመለስሽልኝም። ይልቅ ማንበቢያው ጠጋኝ ቤት ሄደ፣ ዲስኮቹም ባዶ ሆኑ።

ልጠይቅሽና በግልጽ መልሺልኝ። እንዳላነብ ብለሽ ነው?

ወንድምሽ


መጋቢት 20

ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በጥር ነው። ለምን እንደዘገየሁ አውቀዋለሁ፤ አንተም ታውቀዋለህ። ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጬው ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር እያየኝ ከረመ።

አራት ሺህ ሕፃን በእነዚህ እጆች ተቀብያለሁ። የአንዱን ነገር ልደብቅ ብዬ የሁሉንም አላጠፋም። ልደብቅህ ብፈልግ ዲስኩን ከምድጃ ውስጥ እጥለው ነበር፤ ጠጋኝ ቤት ምን አስሄደኝ? ለሌላው ጥያቄህ መልስ ያልሰጠሁህ ደግሞ መሐላ ስላለብኝ ነው። ያስማልከኝም የምትጠይቀኝም አንተ ሆነህ እኔ በየት ልውጣ?

በዚህ መሀል ሁለት ሰዎች መጥተው ልደታቸውን ጠየቁኝ። ባዶ እጃቸውን ሸኘኋቸው። ሆድ ብሶኛል፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እህትህ


ሚያዝያ 11

እትዬ፣

ሰላምታ ለማቅረብ አፍ የለኝም። እግርሽ ሥር ወድቄያለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ጽፌ የቀደድኳቸውን ብልክልሽ ፖስታ ቤቱ አይችላቸውም።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያውም የቆየ ጥፋት። ዲስክ ላይ ጽሑፍ የሚቀመጠው በክብ በክብ መስመር ነው። ያኔ ማንበቢያውን ስገጥምልሽ መለኪያ አልነበረኝም፤ በዓይኔ ገምቼ ነው ጭንቅላቱን ያሰርኩት። ጠሞ ኖሯል። ከመስመሩ ወጣ ብሎ ጻፈ፣ ከመስመሩ ወጣ ብሎ አነበበ፤ ለራሱ ስለሚስማማ ማንም አልነቃበትም። ቁጥር ሦስት እኔ ጋ ባዶ የሆነውም ለዚህ ነው። ያን ጊዜ መንቃት ሲገባኝ «መንገድ ላይ ተበላሽቷል» ብዬ አለፍኩት፤ «ማንበቢያውን ማንም እንዳይነካው» ማለቱንም ረሳሁ። ጠጋኙ ትክክል ነው የሠራው። ትክክል ስለሠራ ነው የጠፋብን። ያንቺ እጅ የለበትም፤ አንቺን መጠርጠሬ ያሳፍረኛል።

የሠራሁትን ልንገርሽ። የራሴን ማንበቢያ ሆን ብዬ አጣመምኩት። ከሥራ ስመለስ በየቀኑ ብሎኑን ትንሽ፣ ትንሽ እያልኩ በቁጥር ሦስት ሞከርኩ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተከፈተ! ስሞች፣ ኪሎዎች፣ ሰዓቶች። በደስታ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ መልሼ እስክቀመጥ ድረስ ዲስኩ ተላጠ። በሙከራ ብዛት ፊቱ ተፍቆ ሄደ። ሃያ ሦስት ልጆች ተረፉ፤ መቶ የሚሆኑት ጠፉ። እሱንም ይቅር በዪኝ፤ አንድ ቀን በርሽን ያንኳኳሉ።

ስለዚህ ዲስክ በፖስታ አይሄድም፤ ሁለት ጊዜም አይሞከርም። ለእያንዳንዱ የቀረው ምናልባት አንድ ንባብ ነው። ድራይቨሩን እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ፤ እንግዲህ «ይቅርታ፣ ድገምልኝ» አይልም። ዲስኩ አንዴ ሲዞር ያገኘውን ሁሉ ለቅሞ ካርዱ ላይ ያኖራል። በአዲስ ካርድ ጭኜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ።

አሁን ሥራው ባንቺ እጅ ነው። ጠጋኙ አሳምሮ መሥራት ስለሚወድ መልሶ ያቃናዋል፤ እሱን አትጥሪ። ክዳኑን ክፈቺ። በቀይ ቀለም የታሸገች ትንሽ ብሎን አለች። ወደ ግራ አዙሪያት፣ የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ በአንድ ደቂቃ የሚሄደውን ያህል ብቻ። ከዚያ ቁጥር ሠላሳ አንድን አጉርሺው፤ ጡረታ የወጣሽበት ዓመት ስለሆነ ዲስኩ አዲስ ነው፣ ልጆቹም ጥቂት ናቸው። እምቢ ካለ እንደገና አንድ ደቂቃ። የኔ በጠቅላላው ሰባት ደቂቃ ያህል ሲዞር ነው የከፈተው፤ ያንቺ ስንት እንደሆነ አላውቅም።

ካነበብኩት በኋላም እህቴ ነሽ። ምን እንደጻፍሽ ሳላውቅ ነው የምልሽ።

ወንድምሽ


ግንቦት 16

ለውድ ወንድሜ ለብሎን፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ጀርባህን ሙቅ ነገር አድርግበት። ተቆጥቼ ነበር፣ አልፏል። መቶ ልጅ ያጠፋኸው ግን ገና አላለፈም፤ እሱን ቀስ ብዬ እቆጣሃለሁ።

በሕይወቴ ሁለት ብሎን አስቸግሮኛል፤ አንዱ አንተ ነህ። ሌላው ይኼ ነው። ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር ጎትቼ፣ መነጽር በመነጽር ላይ ደርቤ፣ የግድግዳውን ሰዓት አውርጄ አጠገቤ አስቀመጥኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ያ ስንት ጭንቅ የያዘ እጅ በአንዲት ብሎን ፊት አፈረ! ትንፋሼን ስይዝ ግን ይቆማል፤ ድሮም እንዲሁ ነበር የምይዘው። አንድ ደቂቃ፤ ባዶ ነው። ሁለት፤ ባዶ ነው። በአምስተኛው ላይ ሽማግሌው አሰብ አደረገና መጨረሻ ያዋለድኳት ልጅ ስም ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ። «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። ዘወር ስል ቤት ውስጥ ሰው የለም። ደስታም ተካፋይ ካጣ ያሳዝናል ለካ። ወደ ጎረቤቴ ሄጄ «ሠራ!» አልኳት፤ ምኑ እንደሠራ ሳትጠይቀኝ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ።

በአራት ቀን ሁሉንም ገለበጥኩ። ስድስቱ ዲስኮች እየተቆራረጡ ነው ያለፉት፤ የቀሩት ሙሉ ናቸው። ያኔ ባዶ እጃቸውን ከሸኘኋቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ስልክ ቁጥሩን ትቶልኝ ስለነበር ደውዬ ልደቱን ነገርኩት። ዐሥራ አራትን መጨረሻ አደረግሁት። «አስቀድመሽ» ብለኸኝ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ድራይቨርህ ለቀመው። ላረጋግጥ ብዬ ብደግመው ሲጥ ብሎ ተላጠ። እንግዲህ ያለው አንተ ጋ የሚመጣው ብቻ ነው፤ ካርዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሽጌዋለሁ። ገልጬ አላየሁትም።

ስታነብ አስተያየት የሚለው መስመር ስለ ልጅህ አይደለም፤ ስለ እኔ ነው። ከዚህ የበለጠ መሐላው አይፈቅድልኝም። ፈርቻለሁ፤ ይህንም እወቅልኝ።

እህትህ


ሰኔ 22

ለእትዬ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ሌላ ምርቃት ዛሬ አይመጣልኝም።

ካርዱ ደረሰ። ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው በዙሪያው ተሽከረከርኩ። እሑድ ጠዋት ተላጨሁ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ፤ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ሆኜ ማሽኑን ከፈትኩ።

ሐሙስ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ። እናት በሚለው ቦታ የልብስ ሰፊዋ ስም ተጽፏል፤ ስሟን በጽሑፍ ካየሁ ስንት ዓመቴ! ከዚያ፣ ሴት። አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። አልቅሳለች። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆይታለች። ለሌሎቹ ሕፃናት ባዶ በምትተዪው የስም ቦታ ላይ «የወንድሜ ልጅ» ብለሽ ሞልተሽዋል።

ሴት ናት እትዬ። ልጄ ሴት ናት። ድምፄን ከፍ አድርጌ አልኩት። እዚህ ቤት የሚሰማኝ የለም፤ ቢሆንም አልኩት፣ ደጋግሜ።

ከዚያ አስተያየቱን አነበብኩ። «ሌላ ክፍል ነበርኩ። ዘግይቼ ደረስኩ።» ይኸው ነው። ለካ ያን የመዝገብሽን ፕሮግራም ስጽፍልሽ ቦታ ልቆጥብ ብዬ ለአስተያየት የሰጠሁሽ ሠላሳ ፊደል ብቻ ኖሯል። ይህንኑ ይዘሽ ሃያ ሰባት ዓመት ብቻሽን ተቀመጥሽ። እኔ ደግሞ አፍሽን በመሐላ ዘግቼ አገር ለቅቄ ሄድኩ።

አንቺ ሌላ ክፍል ነበርሽ። እኔ ሌላ ከተማ ነበርኩ። ማን ማንን ይጠይቃል?

መሐላሽን አንሥቼልሻለሁ። ንገሪኝ፤ አልሞትም። ሁሉም ቢከብድሽ አንዱን ብቻ ንገሪኝ። ሰው ሁሉ እናቲቱ ላይ ሲረባረብ፣ በዚያ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ልጄን ማን ያዛት? ወይስ ጥግ ላይ ብቻዋን አስተኝተዋት ነበር? ከእሑድ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ወንድምሽ


ሐምሌ 12

ወንድሜ፣

ዛሬ ሰላምታ ውስጥ ከገባሁ እዚያው ተደብቄ እቀራለሁ፤ ዝም ብዬ ልንገርህ።

የዚያን ቀን ሁለት ወላዶች ነበሩኝ፤ ከኔ ሌላ አዋላጅ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ገና ስምንት ወሯ ነበር፤ የመጀመሪያዋም ስለሆነ ጊዜ አለን ብዬ ገመትኩ። ሌላዋ ስትጮህ «መጣሁ» ብያት ወደ ሁለተኛው ክፍል ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ሆኖኛል። ስመለስ ልጅቷ ወጥታለች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እትብቷን በክር አስራ በሽርጧ ታቅፋታለች፤ ደሙ ወለሉ ላይ ደርሷል። የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ሐኪሙ ኋላ «አጠገቧ ብትሆኚም አታቆሚውም ነበር» ብሎኛል። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አላምነውም።

ልብስ ሰፊዋ ልጇን አይታታለች። ይህን ሳልነግርህ መኖሬ ነው እንደ እሳት ሲያቃጥለኝ የኖረው። የጽዳት ሠራተኛዋ አስጠግታ ስታሳያት እጇን ዘርግታ ጆሮዋን ነካችና «ወይኔ፣ የሱን ጆሮ!» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ ከራሷ ተነጥሎ የቆመ፣ ቁርጥ ያንተ ጆሮ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ሐኪሙ ሲደርስ ከአልጋው ገፋ አደረገኝ፣ ቦታዬን ያዘ። እኔ ዞሬ ሕፃኗን ተቀበልኩ። አተነፋፈሷ ደካማ ነበር፤ እንደሷ ያሉትን የሚያቆይ መሣሪያ ደግሞ አልነበረንም። የጋውኔን ቁልፍ ፈትቼ ደረቴ ላይ፣ ገላዬ ላይ አደረግኋትና በልብሴ ሸፈንኳት። ኮሪደሩ ላይ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አለ፤ እስከዚያ እየሄድኩ እመለስ ነበር። አወራኋት። ምን እንዳልኳት ሁሉም ትዝ አይለኝም። «አባትሽ ነገ ይደርሳል» ማለቴን ግን አስታውሳለሁ። ስናገር ዝም ትላለች፣ ዝም ስል ታለቅሳለች፤ ስለዚህ መናገር አላቆምኩም።

አንዷ ነርስ መጥታ «ደክሞሻል፣ ልያዝልሽ» አለችኝ። እምቢ አልኳት። በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ትከሻዬን ሲነካኝ እናቷ ማረፏን ከፊቱ አወቅሁ። ልጅቷ ያን ጊዜ ገና ትተነፍስ ነበር። ከዚያ ትንሽ ቆይታ እሷም አቆመች። ድንገት አይደለም፤ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው ቀስ እያለች ነው።

ጥግ ላይ አልተኛችም፣ ወንድሜ። ብቻዋን አልነበረችም። የያዝኳት እኔ ነኝ፤ ሲመሽ መጥተው እስኪቀበሉኝ ድረስ ከእጄ አላወረድኳትም።

እህትህ